የአሥራ ሰባት ቁጥር ካርድ

ሌንሳ ለኤልዳድ መጀመሪያ የተናገረችው ነገር «ብርሃኑን ከለልከኝ» የሚል ነበር።

እውነቷን ነው። ካሜራውን በሦስት እግሩ አቁሞ፣ ቀይ መብራቱ እየበራ፣ በእሷና በመስኮቱ መካከል ተገትሯል። ወደ ሸሚዝ ፋብሪካው የጠዋት ፀሐይ የሚገባው በምሥራቅ በኩል ባሉት ከፍ ያሉ መስኮቶች ብቻ ነው፤ አምፖሉ በነጭ ጨርቅ ላይ ነጭ ክር ለይቶ አያሳይም። ኪስ የሚሰፉት ሴቶች ሁሉ ይህን ያውቃሉ። እሱ አያውቅም።

«ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያለ ወደ ጎን ሲሸሽ እግሩ የኪስ ቅርጫቱን መታው። ትልቁና ትንሹ ኪስ ተደባልቆ ወለሉ ላይ ፈሰሰ።

«ካሜራማን!» አለች ከኋላ የምትሰፋው ፌኔት። «ፊልሙ ኮሜዲ መሆኑን ቀድመህ ብትነግረን ተኳኩለን እንመጣ ነበር!»

መስመሩ በሙሉ ሳቀ። ልጁን የሐፍረት ላብ አጠመቀው። ተንበርክኮ ኪሶቹን አንድ በአንድ ይለቅም ጀመር። ሌንሳ መኪናዋን አቁማ ጎንበስ አለችና ትልቁን ከትንሹ እየለየች ታቀብለው ገባች። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። እሷ ቶሎ ወደ ክሯ ተመለሰች። ያን ጠዋት ክሩ ሁለት ጊዜ ተበጠሰባት። በአራት ዓመት ሥራዋ እንዲህ ሆኖባት አያውቅም።

ኤልዳድ የሆሳዕና ልጅ ነው። አባቱ ሰባኪ ናቸው። ዩኒቨርሲቲ ከጨረሰ ጀምሮ ለቡ መብራት ኃይል ባለው በታላቅ ወንድሙ ፎቶ ቤት እየሠራ፣ በትርፍ ጊዜው ስለ ሰዎች የሥራ ቀን አጫጭር ፊልም ይሠራል። አንዱን ስለ ዳቦ ጋጋሪ፣ አንዱን ስለ መንገድ ጠራጊ ሠርቶ ጨርሷል። ሦስተኛው ይህ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ፈቃድ ሲሰጡት «ንጽሕናችንን አሳይልን» ብለውታል።

«በፊልም ሰው ሲዋደድ እናያለን፣ ሲጣላ እናያለን፣ ሲያለቅስ እናያለን» ይላቸው ነበር ሴቶቹን በምሳ ሰዓት። «ሲሠራ ግን አናይም። የሰውየው ሥራ ምን እንደሆነ እንኳ ሳናውቅ ፊልሙ ያልቃል።»

«ሥራ ደግሞ ምኑ ይታያል?» አለች ፌኔት። «እኔ ቀኑን ሙሉ ኮሌታ ስገለብጥ ቁጭ ብሎ የሚያይ ሰው ካለ፣ እሱ ራሱ ሥራ የሌለው ነው።»

ሁሉም እሺ አሉት። ያልተዋጠላት ገዲሴ ብቻ ነበረች።

ገዲሴ ከሌንሳ በስተቀኝ የምትሰፋ፣ ጡረታ ልትወጣ ስምንት ወር የቀራት ሴት ናት። ሌንሳ «አዳዳ» ትላታለች፤ በኦሮምኛ የአባት እህት ማለት ነው። በሥጋ አይዛመዱም። ላፍቶ እንዲህ በቤት ሳይሞላ በፊት የሁለቱ ቤተሰብ ማሳ ጎን ለጎን ነበር። መሬቱ ሄዶ የሌንሳ አባት ሮበሌ በቀሩት ሁለት ላሞች ወተት መሸጥ ሲጀምር፣ ሌንሳን እጇን ይዛ ፋብሪካው ያስገባቻት ገዲሴ ናት። መርፌ ሲሰበር እንዴት እንደሚለወጥ፣ ኪስ ጥጉ ላይ እንዴት እንደሚታጠፍ ያሳየቻትም እሷው።

ከዓመት ወዲህ ግን የገዲሴ ዓይን ጭጋግ ለብሷል። ክር ማግባት አቃታት፤ ስፌቷ እየተጣመመ ይመለስባት ጀመር። የቀን ኮታዋን ለሁለት ተከታታይ ወር ያልሞላች ሰፊ ደግሞ ትሰናበታለች። ስምንት ወር ይቅርና ስምንት ቀን ቢቀራት የሚጠብቃት የለም።

ስለዚህ ሌንሳ አንድ ነገር ታደርጋለች። በየኪስ ጥቅሉ ላይ ትንሽ ኩፖን ታስሮ ይመጣል። ጥቅሉን የጨረሰች ሴት ኩፖኑን ቆርጣ፣ ቁጥሯ በቀይ በተጻፈበት ካርድ ላይ ትለጥፈዋለች፤ ማታ ሱፐርቫይዘሩ ጋሽ ወጋየሁ ካርዶቹን ይሰበስባሉ። የሌንሳ ቁጥር አርባ አንድ ነው፣ የገዲሴ አሥራ ሰባት። ሌንሳ በመስመሩ ፈጣኗ ናት። የራሷን ሞልታ ስታበቃ፣ ከዚያ ወዲያ የሰፋችውን ኩፖን አሥራ ሰባት ላይ ትለጥፋለች። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከመለጠፏ በፊት ግራ ቀኝ ታይ ነበር። አሁን ትታዋለች። እንደ መተንፈስ ሆኖባታል።

«ልጄ፣ እኔ እዚያ ካሜራህ ውስጥ መግባት አልፈልግም» አለችው ገዲሴ።

«እትዬ ገዲሴ፣ ሰው የሚጎዳ ነገር አላስገባም።»

«የሚጎዳውን ከማይጎዳው በምን ትለየዋለህ? አንተ ትልቅ ኪስና ትንሽ ኪስ እንኳ መች ለየህ?»

ሴቶቹ ሳቁ። እሱም ሳቀ። ከዚያ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እንግዲያው ለማንም ሳላሳይ ሌንሳ ትየው። አውጣ ያለችኝን አወጣለሁ» አላት።

ገዲሴ በደከመ ዓይኗ ወደ ሌንሳ ዞረች።

«እሷ ካየችው ይበቃኛል።»

ሦስት ሳምንት ቀረጸ። ማታ ማታ ሴቶቹ ሲወጡ አብሯቸው ወደ ሀይሌ ጋርመንት አደባባይ ይወርዳል። መጀመሪያ ፌኔትም ከሁለቱ ጋር ትሄድ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት «ዛሬ በሌላ በኩል ነኝ» ማለት ጀመረች። በሌላ በኩል መንገድ የለም።

አደባባዩ ጋ የታክሲ ሰልፍ ይይዛሉ። ተራቸው ሲደርስ ኤልዳድ ከኋላቸው ላለው ሰው «እርስዎ ይግቡ» ይላል። እንደገና ሲደርስ እንደገና ያሳልፋል። ረዳቱ ለመዳቸው።

«ወንድሜ፣ ሰልፉን ነው እንዴ የምትወደው?» ይለዋል።

ሌንሳ ብዙ አትናገርም። አንድ ቀን ጠየቃት።

«ለምን ዝም ትያለሽ?»

«እየሰማሁህ ነው።»

«እየተናገርኩ አልነበረም እኮ።»

«እሱንም ነው የምሰማው።»

ሳይሳፈሩ አራት ታክሲ አለፈ።

ሌላ ቀን ጣቷ ላይ ያሉትን ትንንሽ ጥቁር ነጥቦች አየና መርፌ መሆኑን ጠየቃት። አዎ አለችው። መጀመሪያ የወጋሽ የቱ ነው ሲላት ሌባ ጣቷን አቀናችለት። አልነካትም። ጎንበስ ብሎ ነጥቧን ብቻ ረጅም ጊዜ አያት። ሌንሳ እንዲህ ጊዜ ወስዶ ያያት ሰው ኖሮ አያውቅም። ጋሽ ወጋየሁ የሚያዩት ስፌቷን ነው፤ እናቷ የምታየው ድካሟን። ታክሲው ውስጥ ገብታ ያቺን ጣት እስከ ላፍቶ ድረስ በሌላ እጇ ሸፍና ሄደች።

በኅዳር አንድ ቅዳሜ፣ ግማሽ ቀን ሠርታ ስትወጣ፣ ፊልሙን ልታይ ፎቶ ቤቱ ሄደች። ግድግዳው ላይ ፏፏቴ የተሳለበት መጋረጃ ተሰቅሏል፤ ከፊቱ ሙሽሮች የሚቀመጡበት ባለ ወርቅ ቀለም ወንበር አለ። ኤልዳድ ወንበሩን ለእሷ ጎተተላት። ራሱ ባዶ ሣጥን ገልብጦ አጠገቧ ተቀመጠና ላፕቶፑን ከፈተ።

«ሥራውን የምታውቂው አንቺ ነሽ። የማይገባ ነገር ካየሽ አቁም በይኝ።»

ፌኔት ኮሌታ ስትገለብጥ ወጣች። የመኪኖቹ እግር ወጣ። ሌንሳ ሁለት ቦታ አስቆመችው፤ አንዷ ሴት የተረፈ ክር በኪሷ ስትከት ይታያል፣ ሌላዋ አንቀላፍታለች። ሁለቱንም ወዲያው አወጣቸው።

ከዚያ ራሷ መጣች።

የጠዋት ብርሃን በግራ ጉንጯ ላይ ወድቋል። ጥቅል ትጨርሳለች፣ በመቀስ አንድ ነገር ትቆርጣለች፣ ትለጥፋለች። በእጇ ጀርባ ፀጉሯን ከግንባሯ ገፋ ታደርግና ቀና ብላ ከካሜራው ኋላ ላለው ሰው ትንሽ ፈገግ ትላለች። ከዚያ ታቀረቅራለች። በቃ። ስምንት ሰከንድ አይሞላም።

ሌንሳ እንዲህ እንደምትመስል አታውቅም ነበር። መስታወት ፊት ስትቆም ሁልጊዜ የምታየው የሚጎድላትን ነው። ይህች ሴት ግን ምንም የጎደላት አትመስልም።

«እንደገና አሳየኝ።»

አሳያት።

«አንድ ጊዜ ብቻ።»

በሦስተኛው ላይ ኤልዳድ ስክሪኑን ትቶ እሷን ማየት ጀመረ።

«የሚወጣ አለ?»

«የለም» አለች። እጇን ጠረጴዛው ላይ ባለው እጁ ላይ አሳረፈችው። እንዴት እንደደፈረች አታውቅም።

ብዙ ቆይተው፣ «ሽማግሌ ብልክ አባትሽ ምን ይላሉ?» አላት።

«ወተት ጠጡ ይላል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ልጁ ምን ይሠራል ይላል። ሰው ሲሠራ ያያል እላለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ወተቱን መልሱ ይላል።»

ሳቋን እሷም ከእሱ እኩል ሰማችው፤ ለራሷም እንግዳ ነበር።

ፊልሙ በታኅሣሥ እሑድ ከሰዓት በኋላ በወጣት ማዕከሉ አዳራሽ ታየ። የፋብሪካው ሴቶች ልጆቻቸውን፣ ባሎቻቸውን ይዘው መጡ። ሥራ አስኪያጁ በሙሉ ልብስ ከፊት ተቀመጡ፤ ጋሽ ወጋየሁ ከጎናቸው። ገዲሴ አዲሱን ነጠላዋን ለብሳ በሌንሳ ክንድ ተደግፋ ገባች። ኤልዳድ ከኋላ ማሽኑ ጋ ቆሟል። ሌንሳ ዞር ባለች ቁጥር ዓይኑን እሷ ላይ ታገኘዋለች።

እያንዳንዷ ሴት ራሷን ባየች ቁጥር አዳራሹ ይንጫጫል። «ያውልሽ! ያውልሽ አፍንጫሽ!» ትላለች ፌኔት። ሕፃናት ያጨበጭባሉ።

ከዚያ የሌንሳ ስምንት ሰከንድ መጣ።

ፊቷ ግድግዳውን ሞላው። ከፊቷ በታች ግን፣ በላፕቶፑ ላይ ከጣት ጥፍር የማይበልጥ የነበረው ነገር፣ እዚህ የበር ያህል ሆኗል። የሥራ ጋዋኗ ደረት ላይ አርባ አንድ የሚል ቁጥር አለ። እጇ ውስጥ ያለው ካርድ ላይ በቀይ ቀለም አሥራ ሰባት ተጽፏል። ኩፖኑ ቀስ ብሎ አሥራ ሰባት ላይ ተለጠፈ፤ አውራ ጣቷ ጠበቅ አድርጎ ጫነው።

ጫጫታው ባንድ ጊዜ ጠፋ።

«ሌንሲ» አለች ፌኔት ከኋላ፣ በሹክሹክታ። ሌላ አልጨመረችም።

ሌንሳ ሦስት ጊዜ አይታ ያላየችውን አሁን አየች። ከፊት ሥራ አስኪያጁ ወደ ጋሽ ወጋየሁ ጆሮ ዘንበል አሉ። ጋሽ ወጋየሁ አንገታቸውን ደፉ።

በዚያ ፀጥታ መካከል ገዲሴ የሌንሳን እጅ ጨምቃ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«አንቺ! እንዴት አምሮብሻል!»

ካርዱ አልታያትም። የታያት የሌንሳ ፊት ብቻ ነው።

ሰኞ ጠዋት ሁለቱም ቢሮ ተጠሩ። የቆዩ ካርዶች ወጥተው ጠረጴዛው ላይ ተዘርግተዋል። ገዲሴ ተሰናበተች፤ ጡረታዋ ስድስት ወር ሲቀረው። ሌንሳ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት። እጅሽ ፈጣን ስለሆነ ነው ተባለች።

ጋሽ ወጋየሁ ኮሪደሩ ላይ አገኟት።

«እኔ እኮ አውቅ ነበር» አሉ፣ ዓይኗን ሳያዩ። «በየማታው አያለሁ፣ እንዳላየ አልፋለሁ። ሰው ሁሉ ቁጭ ብሎ ሲያየው ምን ልበል፣ ልጄ?»

ገዲሴ መቀሷን በጨርቅ ጠቀለለች። መስመሩ ላይ ያሉት መኪኖች ሁሉ ቆመው ነበር። ሌንሳ ልትደግፋት ስትነሳ «ተቀመጪ» አለቻት። «ኮታሽ ይጎድላል።»

ማታ ኤልዳድ በሩ ላይ ጠበቃት። ከሥራ አስኪያጁ ዘንድ መምጣቱ ነበር።

«እንዲህ አስመስላችሁ አድርጉ ብዬ ሴቶቹን ያዘዝኳቸው እኔ ነኝ አልኳቸው። እሳቸው ግን የቆዩትን ካርዶች አሳዩኝ።» ፀጉሩን በሁለት እጁ ያዘ። «ሌንሳ፣ አወጣዋለሁ። ዛሬውኑ አወጣዋለሁ።»

«ከየት? ከሰዎቹ ዓይን?»

አብረው ወረዱ። አደባባዩ ጋ ሲደርሱ፣ በክፋት አልነበረም፣ ልቡ ስለተሰበረ ብቻ አፉ ቀደመው።

«አጠገቤ ቁጭ ብለሽ ሦስት ጊዜ አየሽው እኮ። ለምን አልነገርሽኝም?»

ሌንሳ መልስ ፈለገች። የነበራት መልስ አንድ ብቻ ነው፦ አንተ እንዴት እንደምታየኝ እያየሁ ነበር። ያን ብትለው እሱን መውቀስ ይሆናል፤ ባትለው ራሷን መዋሸት። ታክሲ መጣ። ተራዋን ሳታሳልፍ ገባች።

ከዚያ በኋላ ስልኩን አላነሳችም።

ገዲሴ ደጇ ላይ ያረጀ ልብስ መጠገን ጀመረች። በዳበሳ ትሰፋለች፤ የማትችለው ክር ማግባቱን ነው። ስለዚህ ሌንሳ እሑድ እሑድ ትሄድና ለሳምንቱ በሚበቃ መርፌ ሁሉ ክር ታስገባላታለች። ነጩን በአንድ ስፖንጅ፣ ጥቁሩን በሌላ ትሰካለች። ገዲሴ ተቆጥታ አታውቅም። «እግዜር ያመጣው ነው» ትላለች እንጂ። ሌንሳ ብትቆጣት ይቀላት ነበር።

በየካቲት አንድ እሑድ ኤልዳድ በግቢው በር ገባ። ካሜራ አልያዘም። ከስቷል።

«ኤልዳድ ነህ አይደል? ግባ ልጄ» አለች ገዲሴ በእርምጃው ለይታ። ወደ ሌንሳም ዞር ብላ፣ «እኔ ይቅር ብዬዋለሁ። አንቺ ደግሞ ምን ቤት ነሽ?» አለችና ወደ ውስጥ ገባች።

ትንሿ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ሌንሳ መርፌ ላይ አቀርቅራለች።

«ያን ጥያቄ መጠየቅ አልነበረብኝም» አላት።

«ትክክለኛ ጥያቄ ነው።»

«ሌንሳ...»

«ስታየኝ ደስ ይለኝ ነበር» አለች። ለብዙ ሳምንት በልቧ ስትሰፋው የቆየችው ነገር ነው። «በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። አሁን ስታየኝ ግን የሚታየኝ አሥራ ሰባት ቁጥር ነው። አንተ ምንም አላደረግክም። እኔ የራሴን ፊት ሳይ አዳዳን አሳልፌ ሰጠኋት።»

«ጊዜ ቢያልፍስ?»

«ሽማግሌ አትላክ። አባቴ እሺ ይልሃል። እምቢ የምለው እኔ ነኝ፤ በአባቴ ፊት ደግሞ እምቢ እንድልህ አታድርገኝ።»

ኤልዳድ ከስፖንጁ አጠገብ አንድ መርፌ አነሳ፣ ነጭ ክር ቆረጠ፣ ሊያገባ ሞከረ። የክሩ ጫፍ ተበተነ። አፉ ውስጥ አርጥቦ እንደገና ሞከረ። ሌንሳ አላገዘችውም። ወደ ፀሐይዋ ዞሮ፣ ብርሃኑ ላይ አድርጎ፣ በስንት ሙከራ አስገባው። ስፖንጁ ላይ ሰካው። ተነሣና ወጣ።

ሌንሳ ያቺን መርፌ ለገዲሴ አልተወችላትም። ነቅላ በጋዋኗ የውስጥ ጠርዝ ሰካቻት፤ ሥራ በዋለች ቁጥር አብራት ትውላለች።

በዓመቱ ፊልሙ ተስተካክሎ በዚያው አዳራሽ እንደሚታይ ፌኔት ነገረቻት። አልሄድም አለች። መብራቱ ከጠፋ በኋላ ገባችና የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጠች።

ኮሌታው ወጣ፣ የመኪኖቹ እግር ወጣ። የሌንሳ ፊት የትም አልነበረም። እጆቿ ብቻ፣ ጣቶቿ፣ ሌባ ጣቷ ላይ ያለችው ነጥብ። ስምንቱ ሰከንድ የነበረበት ቦታ ሲደርስ ግድግዳው ላይ መስኮቱ ብቻ ሆነ፤ የጠዋት ፀሐይ፣ በፀሐዩ ውስጥ የሚንሳፈፍ የክር ብናኝ። ከዚያ ከማይታይ ቦታ የአንዲት ልጅ ድምፅ መጣ።

«ብርሃኑን ከለልከኝ።»

«ይቅርታ፣ ይቅርታ» አለ የወንድ ድምፅ።

ቅርጫቱ ሲወድቅ ተሰማ፣ የፌኔት ሳቅ ተሰማ። አዳራሹ በሙሉ አብሮ ሳቀ።

ኤልዳድ ከማሽኑ ጎን ቆሞ ነበር። የሚያየው መስኮቱን ነው። ዞር ቢል ያገኛት ነበር፤ አልዞረም፣ እሷም እንዲዞር ድምፅ አላሰማችም። ሳቁ ሳያልቅ ተነሥታ፣ ወደ ግድግዳው የሚሄደውን ብርሃን እንዳትከልል ጎንበስ ብላ፣ በጎን በር ወጣች።